የዳማ ድርሻ

ያለፈውን ሳምንት ያላነበበ አይጨነቅ፤ እኔው በአጭሩ እነግረዋለሁ።

ነገሌ ቦረና፣ ከጦር ሰፈሩ አጥር ጥግ ባለ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተናኘወርቅ የምትባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች። የሻምበል በላይነህ ልጅ ናት። ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች፤ የእጅ ጽሑፏ ስለሚያምር የከተማው ሰው ማመልከቻ ለማስጻፍ ደጇን ይጠናል። ከከተማው ዳር ደግሞ ጉራቻ አለ። የቦረና ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተውበት እናቱ ወይዘሮ ከሚላ በጥቂት ፍየሎች አሳደጉት፤ ደብረ ዘይት ተምሮ የእንስሳት ሐኪም ረዳት ሆኖ ተመለሰ። አንድ ቀን የከብት ክትባት ማስታወቂያ ሊያስጽፍ ወደ ተናኘወርቅ ትምህርት ቤት ሄደ። ማስታወቂያው ተጽፎ ተለጠፈ፤ ሁለቱ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጡ።

ሻምበል በላይነህ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ልጃቸውን በሐሳባቸው ከዳሯት ቆይተዋል፤ ለመኮንን፣ ለአገራቸው ልጅ፣ ለክርስቲያን። ጉራቻ ከሦስቱ አንዱንም አልሆነም።

መንገድ የከፈተላቸው ወተት ነው። የሻምበል በቅሎ እግሯ አብጦ ሊጥሏት ሲሉ ጉራቻ ተመላልሶ አዳናት፤ ገንዘብ ሲሰጡት እንቢ አለ። በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ከሚላ የሻምበል ሚስት ወይዘሮ እናትነሽ እርጉዝ መሆናቸውን ሰሙ። እርጉዝ ያለችበትን ቤት እያወቁ ወተት አለመላክ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ጉራቻ በየጠዋቱ ወደ ሥራው ሲያልፍ ጮጮውን፣ ያንን በቃጫ የተጠለፈ በጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ፣ ለተናኘወርቅ ከበር ያቀብላታል። ማታ ባዶውን ይወስዳል። ከክዳኑ ላይ ባለው የቆዳ ማሰሪያ ሥር ደግሞ ጠዋት የእሱ ደብዳቤ ይመጣል፣ ማታ የእሷ ይሄዳል። ወረቀቱ የወይራ ጭስ ይሸታል፤ ተናኘወርቅ ትራሷ ሥር አድርጋው ትተኛለች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ወይዘሮ እናትነሽ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷቸዋል። የአሁኑ ጽንስ ሰባተኛ ወሩን ያዘ። የንስሐ አባታቸው «ለእርጉዝ ተፈቅዷል፣ ወተቱን ጠጪ» ቢሏቸውም አሻፈረኝ አሉ፤ ተስለዋል። ሃምሳ አምስቱን ቀን ሳይገድፉ ሊጾሙ፣ ልጁም በሰላም ሊወጣ። «በፋሲካ ግን ከሁሉ በፊት የምቀምሰው የከሚላን ወተት ነው» ይላሉ፣ ሆዳቸውን እያሻሹ።

እንግዲህ ተናኘወርቅ ምን ታድርግ? «ወተቱ ይቅር፣ ጾም ነው» ብትል ጮጮው ይቀራል። ጮጮው ከቀረ ደብዳቤው ይቀራል። ሁለት ወር ሙሉ ያለ ደብዳቤ! የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብ ሁለት ቀንም አይችል። ስለዚህ ለጉራቻ እንዲህ ብላ ጻፈችለት፤ «የንስሐ አባታችን ለእማማ ፈቅደውላታል። በየጠዋቱ ትጠጣለች፣ እናትህንም ትመርቃለች።» እናቷን ደግሞ «ወተቱን ለጎረቤት ልጆች እሰጣለሁ» አለቻቸው። ወተቱ የሚሄደው ግን ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ለዳማ ነበር።

ዳማ ውሻዋ ነው። ቀይ ዳማ፣ ጆሮው የተሸረፈ፣ ዓይኑ ሳይገለጥ ጀምራ በጨርቅ ወተት እያጠባች ያሳደገችው። ዳማ ጾም አያውቅም። ምስጢር ግን ያውቃል፤ ጮጮው ሲመጣ እንኳን አይጮህም።

ያን ዓመት በጋው ከረር ብሎ ነበር። የወይዘሮ ከሚላ ፍየሎች የሚሰጡት ወተት ከአንድ ጮጮ አያልፍም፤ ያችኑ ለእርጉዟ እየላኩ እሳቸው ሻያቸውን ባዶውን ይጠጡ ነበር። ተናኘወርቅ ይህን አታውቅም። ብታውቅ ኖሮ አታደርገውም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ያፈቀረች ልጅ ላይ ግን መሐላ አልገባም።

*

የሕማማት ማክሰኞ ጠዋት ዳማ ተነሥቶ መቆም አቃተው።

ሲነሣ ወደ ግራ ይወድቃል። ሲራመድ ወደ ግራ ይዞራል፤ ዞሮ ዞሮ አጥሩን በግንባሩ ገፍቶ ይቆማል። የግራ ከንፈሩ ተንጠልጥሎ ለሐጩ ይወርዳል። ጎረቤት አየ፣ ጎረቤት ተናገረ፤ ሦስት ሰዓት ሳይሆን ከጦር ሰፈሩ ወታደር ተክሉ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። በሰፈሩ የታወቀ ትዕዛዝ አለ፤ ያበደ ውሻ ይገደላል፣ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ለምርመራ አዲስ አበባ ይላካል። ለዚህም የእንስሳት ሐኪም ረዳቱ ፊርማ ያስፈልጋል።

ጉራቻ ተጠርቶ መጣ። በሩ ላይ እንደ ልማዱ «አካም፣ ናጋ?» አለ። ተናኘወርቅ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። በሕማማት ሰላምታ አይሰጣጡም፤ ደግሞም አባቷ አጠገቧ፣ እናቷም በረንዳው ላይ ቆመዋል።

የቆዳ ጓንቱን አጥልቆ ወደ ውሻው ቀረበ። ዳማን በገመድ አስይዞ ሙቀቱን ለካ፤ ዓይኑ ፊት ጣቱን አንቀሳቀሰ። የቀኙ ዓይን ተከደነ፣ የግራው ፈጦ ቀረ።

«ነክሷል?»

«ማንንም አልነከሰ» አለች ተናኘወርቅ።

«ሌላ ውሻስ ነክሶታል?»

«ታስሮ ነው የሚውለው፤ ከግቢ አይወጣም።»

«ጉራቻ» አሉ ሻምበል፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። «ሚስቴ እርጉዝ ናት። ያበደ ውሻ እዚህ ግቢ አንድ ቀን አያድርም። አብዷል ወይስ አላበደም? ቁርጡን ንገረኝ።»

«ይመስላል፣ ሻምበል። ግን አንድ ነገር አልገባ ብሎኛል። የሚዞረው ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው።» ወደ ተናኘወርቅ ዞረ። በሰው ፊት አንቱ ነው የሚላት። «ሰሞኑን ምን በልቷል? ያስታውሱ እስቲ።»

ያን ጊዜ ልትናገር ትችል ነበር። የእናቷን ፊት አየች፣ የአባቷን ፊት አየች፣ የእሱን ፊት አየች። «የቤት ትርፍራፊ» አለች።

«ሥጋ?»

«በሁዳዴ ሥጋ ከየት ይመጣል?» አሉ ሻምበል። «ይልቅ ፈርም።»

ጉራቻ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ብዕሩን ከፈተ። ተክሉ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ዳማ ይህን ሁሉ አያውቅም። የተናኘወርቅን ሽታ ፈልጎ መጣ፤ በቀጥታ መምጣት ስላልቻለ እየዞረ፣ እየወደቀ መጣ፤ እግሯ ሥር ሲደርስ ተንጠልጥሎ በቀረው አፉ ጫማዋን ሊልስ ሞከረ። ጅራቱ ግን እንደ ድሮው መሬቱን መታ።

«ወተት ነው የጠጣው» አለች ተናኘወርቅ።

ብዕሩ ቆመ።

«የእናትህን ወተት ነው። ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ፣ በየቀኑ። ለእማማ አልሰጠኋትም። ለዳማ ነው የሰጠሁት።»

ጉራቻ ቀስ ብሎ ቀና አለ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ የመጣው ሕመም ነበር፣ ተናኘወርቅ አየችው። በዚያ ድርቅ እናቱ ባዶ ሻይ ሲጠጡ ያየ ሰው ነው። «እናትሽ ይጠጣሉ ብለሽ ጻፍሽልኝ» አለ፣ አባቷ መኖራቸውን ረስቶ። «እናቴ እኮ ሳትቀምስ ነው የምትልክልሽ…»

አልጨረሰውም። ቃሉ አፉ ውስጥ እንዳለ ፊቱ ተለወጠ። አመድ መሰለ።

«ተናኜ፣ እናትሽ አልጠጡም?»

«ስለት አለባት።»

«አንድ ቀንም? አንድ ጉንጭም?»

«አልቀመሰችም። የምትቀምሰው በፋሲካ ነው።»

ጉራቻ ባለበት መሬት ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱ ከጉልበቱ ላይ ወደቀ፣ አላነሣውም። ሁለት እጁን ከነጓንቱ ጉልበቱ ላይ ጥሎ አንገቱን ደፋ። ሻምበል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ትልቅ ሰው ግቢያቸው መሬት ላይ እንዲህ ተቀምጦ አይተው አያውቁም።

«ረቢ ይመስገን» አለ በመጨረሻ። ተነሣ፤ ሻምበልንም ፊት ለፊት አያቸው። «ጌታዬ፣ ውሻው ያበደ አይመስለኝም፤ በመርፌ ሊድን ይችላል። ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር ከእናቴ ፍየሎች ሁለቱ ጨነገፉ፤ ድርቅ ነው፣ ረሃብ ነው አልኩ። ባለፈው ሳምንት አንዷ እንደዚህ ውሻ ወደ አንድ በኩል ትዞር ጀመር፤ የራስ ትል ነው፣ የተለመደ ነው አልኩ። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አላሰብኩትም። ይህን ውሻ ባላይ ኖሮ አሁንም አላስበውም። ሊስቴሪያ የሚባል በሽታ አለ፤ ስሙን ትምህርት ቤት ነው የሰማሁት። ፍየል ያስጨነግፋል፣ ያዞራል። በወተት ይተላለፋል። ውሻም ይይዛል፣ ሰውም ይይዛል። እርጉዝ ሴት ያን ወተት ጥሬውን ብትጠጣ ደግሞ…»

ወይዘሮ እናትነሽ ግን ገባቸው። ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ግድግዳውን ተደገፉ። ፋሲካ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር።

ሻምበል በላይነህ ብዙ ጦር ያዩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ያን ጠዋት ተሰብሮ ወጣ። «ለሚስቴ በሽታ ስታመላልስ ነበር ማለት ነው።»

«አላወቅሁም ጌታዬ። ግን አዎ።»

«አንቺም ደብዳቤ ትጽፊለታለሽ ማለት ነው» አሏት ልጃቸውን፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ተናኘወርቅ የዳማን ገመድ ወደ ራሷ ሳብ አደረገች።

ሻምበል ወረቀቱን ከመሬት አንሥተው አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። «አሥር ቀን» አሉ። «ውሻው ይታሰራል፤ አብዶ ከሆነ እስከዚያ ይለያል። ከሞተ ጭንቅላቱ ይሄዳል። አንተ መርፌህን በየቀኑ ትወጋና ትሄዳለህ። ከቤትህ የወጣ ነገር ግን ሁለተኛ በዚህ ደጃፍ አይገባም። ወተትም፣ ወረቀትም።»

ጉራቻ እጅ ነሣ። ሲወጣ ተናኘወርቅን አላያትም። ዳማ ተረፈላት፤ እሷ ግን ከሁሉ የምትወደውን ሰው በገዛ አፏ ያጣችው መሰላት።

*

በየጠዋቱ መጣ። ፔኒሲሊኑን ይወጋል፣ ጓንቱን ያጥባል፣ ይሄዳል።

«የውሻው ሰውነት ዛሬ ቀዝቀዝ ብሏል» ይላል። «ውኃ በሰፊ ዕቃ ይስጡት።» ይስጡት! ከአጥሩ ሥር ማንም በሌለበት፣ ሁለቱ ብቻ ቆመው እንኳን አንቱ ነው የሚላት። በሰው ፊት ሲሆን ትወደው ነበር፤ በመካከላቸው ያለ ጨዋታ ነበረና። አሁን እንደ ዝናብ ካፊያ ይበርዳታል።

እሷ እንዲህ ብላ አሰበች፤ «እናቱ ለእናቴ ብለው ከአፋቸው የነጠቁትን ለውሻ ሰጠሁ፤ እንዴት ይቅር ይለኛል?» እሱ ደግሞ እንዲህ ብሎ አሰበ፤ «የእናቷን ጽንስ ልገድል ነበር፤ እንዴት ይቅር ትለኛለች?» የሕማማቱ ዝምታ ደግሞ ጨመረበት። ሰላም ሲላት አትመልስም። በሕማማት ክርስቲያን ሰላምታ እንደማይለዋወጥ ያውቃል፤ የተከፋ ልብ ግን የሚያውቀውን ይረሳል። ሁለቱም አንድ ቃል ቢተነፍሱ ያልቅ የነበረ ነገር ነው። አንዳንዴ ፍቅረኞችን ጆሯቸውን ይዤ ግንባራቸውን ማጋጨት ያምረኛል።

ፋሲካ ገባ፤ የሁለቱ ዝምታ ግን አልተፈታም። ወይዘሮ እናትነሽ በዶሮ ገደፉ፤ ወተት በቤቱ አልነበረም። ማንም ስለ ወተት አላነሣም። ጮጮው ጠዋት ጠዋት ይቀመጥበት የነበረው የበሩ ድንጋይ ባዶውን ዋለ፣ ተናኘወርቅም እዚያ ድንጋይ አጠገብ ስታልፍ ዓይኗን ወደ ሌላ ታዞራለች።

ዳማ ግን በስድስተኛው ቀን ቀጥ ብሎ ቆመ። በስምንተኛው ተራመደ። አንገቱ ወደ ግራ እንደተጣመመ ቀረ፤ ሰው ሲያወራው የሚያዳምጥ፣ ነገር የሚመዝን ሽማግሌ ይመስላል። በአሥረኛው ቀን ጉራቻ የመጨረሻውን መርፌ ወግቶ ቦርሳውን ዘጋ።

«ድኗል» አለ። «አንገቱ ግን ላይቃና ይችላል። ነገ አልመጣም።»

ተናኘወርቅ የገመዱን ጫፍ ይዛ ቆመች። አሥር ቀን ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። አፏ ግን ሌላ ነገር አወጣ።

«እማማ ከሚላ ሰሙ?»

«ሰሙ።»

«ምን አሉ?»

«ምንም አላሉ።» ጉራቻ ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ጮጮውን አጥበው ሰቀሉት።»

በሩን ከፍቶ ወጣ። ከመንገዱ እጥፋት እስኪሰወር ድረስ አየችው። ዘለፋ ቢልኩባት ይሻላት ነበር፤ ስድብም ቢሆን። የተሰቀለ ጮጮ ግን የተዘጋ በር ነው። ያን ቀን ሦስት ደብዳቤ ጻፈች፣ ሦስቱንም ቀደደች። ዳማ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቁርጥራጩን እያሸተተ አደመጣት፤ ስታለቅስ ከዚያ ውሻ በቀር የሰማት የለም።

*

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ከቀትር በኋላ፣ በነገሌ ላይ የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ያካፋ ጀመር። ሻምበል በላይነህ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቀዩ አፈር ሲጠቁር ያያሉ። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

ወይዘሮ ከሚላ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን ሴት፤ ሻሻቸው ረጥቧል፤ ክንዳቸው ላይ ጮጮ ታቅፈዋል። ከበስተኋላቸው፣ ከበሩ ውጭ፣ ጉራቻ ዝናብ ላይ ቆሟል። አልገባም።

ሻምበል ተነሡ። ለሴት፣ ያውም ለትልቅ ሴት፣ ተቀምጦ መቆየት አላደጉበትም። ዓይናቸው ግን ጮጮው ላይ አረፈ። «እሜቴ» አሉ፣ «እኔ ለልጅዎ የነገርኩት ቃል አለ።»

«ሰማሁ» አሉ ወይዘሮ ከሚላ። «ልጄ ውጭ ይቀራል። እኔን ግን አልከለከልክም። አማርኛዬ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ራሴ እናገራለሁ።»

ወይዘሮ እናትነሽ ከውስጥ ድምፁን ሰምተው ሆዳቸውን ደግፈው ወጡ። ተናኘወርቅ ተከተለቻቸው፤ ጮጮውን ስታይ የበሩን መቃን ያዘች።

«ናጋ ኦልታኒ፣ ሰላም ዋላችሁ» አሉ ወይዘሮ ከሚላ፣ የእርጉዟን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው። ከዚያ ወደ ተናኘወርቅ ዞሩ። «ወተቴን ለሰሬ ሰጠሽ። ለውሻ።»

«ሰጠሁ፣ እማማ።» እንባዋ መጣ፣ አላቆመችውም። «ዋሽቼ ነው። እርስዎ እንደማይጠጡ አላውቅም ነበር። ባውቅ…» ዝቅ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል በክንዷ ያዟት።

«ተናደድኩ። አሥር ቀን ተናደድኩ፣ ጮጮውን ሰቀልኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ልጄን በረት ውስጥ አገኘሁት፤ የታመሙትን ፍየሎች ለይቶ እያለቀሰ። ኢንተላ፣ ልጄ፣ ይህ ልጅ አባቱን ስንቀብር አላለቀሰም። ምን ሆንክ አልኩት። ያ ወተት እናቷ ሆድ ገብቶ ቢሆን ኖሮ በምን ዓይኔ አያታለሁ አለኝ። አሁንም አታየኝም፣ ሰላምም አትለኝ አለኝ። ያኔ ንዴቴ ከሆዴ ወጣ።»

ተናኘወርቅ ወደ በሩ ተመለከተች። ጉራቻ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። አሥሩን ቀን ሙሉ ቁጣ የመሰላት ነገር ኀፍረት ኖሯል። ደረቷ ውስጥ የነበረው ድንጋይ ሲፈነቀል ተሰማት፣ ያን ጊዜ ይበልጥ አለቀሰች።

«አሰብኩ» አሉ ወይዘሮ ከሚላ። «ውሸትሽ መጥፎ ነው። ግን አንቺ እውነት ብትናገሪ፣ እናትሽም ባይሳሉ፣ ወተቴ የት ነበር የሚገባው? ያ ወተት የውሻው ድርሻ ነበር። ረቢ ድርሻ አይሳሳትም። ይሄኛው የእናትሽ ነው። የታመሙት ፍየሎች ወተት አይደለም፤ ከወንድሜ ላም ነው፣ ከሩቅ። ልጄ ይፈላ አለኝ። የኔ እናት ወተት ካፈሉት የላሟ ጡት ይቆስላል ትል ነበር። እኔ በዕድሜዬ አፍልቼ አላውቅም።» ሻሻቸውን ከፍ አደረጉ። «ዛሬ አፈላለሁ። እሳቱ የት ነው?»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ሻምበልን አዩ። ሻምበል ዝናቡን አዩ።

«ተናኘወርቅ» አሉ በመጨረሻ፣ «እሳቱን አሳዪያቸው።»

ወይዘሮ ከሚላ ወተቱን ድስት ውስጥ ገለበጡት፤ ሲነሣ እያነሡ፣ ሲወርድ እየመለሱ፣ ሦስት ጊዜ አፈሉት። የላሟን ጡት እያሰቡ ይሁን አላውቅም፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ አቀዝቅዘው በብርጭቆ ለወይዘሮ እናትነሽ ሰጧቸው። ወይዘሮ እናትነሽ አማትበው ጠጡ። ግማሽ ላይ አረፉ፣ ሆዳቸውን ያዙ፤ ሻምበል ከበረንዳው ደንግጠው ብድግ አሉ።

«ረገጠኝ» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ፣ እየሳቁ። «ወደደው መሰለኝ።»

ሻምበል ወደ ወጥ ቤቱ በር መጡ። እዚያ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በእጃቸው ከዘመቻ ጊዜ ጀምሮ የሚጠጡበትን የቆርቆሮ ኩባያ ይዘዋል። «የተረፈ አለ?» አሉ።

ወይዘሮ ከሚላ ሞሉላቸው። ሻምበል በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ቆመው ጠጡ፣ ጨረሱ። ከቤትህ የወጣ ነገር በዚህ ደጃፍ አይገባም ያሉት ሰው ጢማቸው ላይ ነጭ ወተት ቀረ። ማንም አልነገራቸው።

ወይዘሮ ከሚላ ጮጮውን ሊያጸዱ ክዳኑን ሲገለብጡ ከቆዳ ማሰሪያው ሥር አንዲት የታጠፈች ወረቀት ተንሸራታ ሻምበል እግር ሥር ወደቀች። ጠርዟ በጭስ ቡናማ ሆኗል። ተናኘወርቅ ደንግጣ እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ ከሚላ ግን አልደነገጡም። «ማጠኛው ላይ ስንቴ እንዲህ ያለ ወረቀት አግኝቻለሁ» አሉ። «ማንበብ አላውቅም እንጂ ዓይን አለኝ።»

ሻምበል ጎንበስ ብለው አነሷት። በጣታቸው መካከል አገላበጧት። የልጃቸው ስም ተጽፎባታል፤ ቀለሙን ዝናብ ትንሽ ነክቶታል። ሊከፍቷት ይችሉ ነበር፤ ቤታቸው ነው፣ ልጃቸው ናት። ተናኘወርቅ የአባቷን እጅ ብቻ ታያለች።

«ይህስ የማን ድርሻ ነው?» አሉ።

«የልጅቷ» አሉ ወይዘሮ ከሚላ።

ሻምበል ወረቀቷን ሳይከፍቱ ለልጃቸው ዘረጉላት። ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው ነበር። «ያንንም ልጅ ግባ በይው» አሉ፣ ድምፃቸውን አወፍረው። «የሰው ልጅ ዝናብ ላይ አይቆምም። ስለ ሌላው ነገር በኋላ እንነጋገራለን፤ እናቱ ባሉበት።»

ተናኘወርቅ ነጠላዋን ሳታነሣ ወጣች። ጉራቻ በሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ እግሩ ሥር ዳማ በጭቃ ተቀምጦ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል። መርፌ አሥር ቀን የወጋውን ሰው ያልጠላ ውሻ ነው።

«አባባ ግባ ይልሃል» አለችው።

አላመናትም። እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አየ። «አላነበቡትም?» አለ፣ አሁንም በአንቱ፤ ከዚያም ዓይኗን ሲያይ ድምፁ ለሰለሰ። «አላነበብሽውም?»

«አላነበብኩም። አንተው ንገረኝ።»

«ተናኜ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

ጉራቻ ፊቱን ከዝናቡ ጠረገ። «ዳማ አሥሩን ቀን ይኑር አይኑር አላውቅም ነበር ብዬ ነው የጻፍኩት» አለ። «እኔም እንደሱ ቀን እየቆጠርኩ ነበር። እሱ ሲድን ወደዚህ ቤት የምመጣበት ምክንያት እንደሚያልቅ አውቅ ነበር፤ ቢሆንም መድኃኒቱን አንድ ቀን እንኳን አላጎደልኩበትም። ያንቺ ነውና።»

ተናኘወርቅ እጁን ያዘች፤ በሰፈሩ ሁሉ ፊት፣ በቀን ብርሃን፣ በዝናብ። ሦስቱም አብረው ወደ ቤት ገቡ፤ ዳማ እንደ ልማዱ ትንሽ ወደ ግራ እያዘነበለ ቀደማቸው።